ግንብ፣ አዳራሽ፣ ማማ፦ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት ሕንፃ ታሪክና ዲዛይን



የዛሬው ንግግሬ ርዕስ ከጎንደር ርቆ በአዲስ አበባ የቆመ አንድ ሕንፃ ነው። የካቲት 6 ቀን 2014 ዓ.ም የተመረቀው የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት 209 ሜትር ከፍታ አለው፤ በተመረቀበት ጊዜም በምሥራቅ አፍሪካ ረጅሙ ሕንፃ ተብሏል። እኛ በየቀኑ አጠገቡ የምናልፈው የዐፄ ፋሲል ግንብ እስከ ጉልላቱ 32 ሜትር ያህል ነው። ስድስት የፋሲል ግንቦች አንዱ በሌላው ላይ ቢደራረቡና ግማሽ ቢጨመርባቸው፣ የማማው ቁመት ላይ ይደርሳሉ ማለት ነው።

ይህን ንጽጽር ያነሣሁት ለመደነቅ ብቻ አይደለም። ሁለቱም ሕንፃዎች በየዘመናቸው አንድ ተቋም «እመኑኝ፤ ጸንቼ እኖራለሁ» ያለባቸው ናቸው። ባንክ ደግሞ ከሌሎች ተቋማት ሁሉ ይልቅ በመታመን የሚኖር ነው፤ ያልታመነ ባንክ ገንዘብ ቢኖረውም ባንክ ሆኖ አያድርም። ስለዚህ የባንክን ሕንፃ ስናይ፣ ባለቤቶቹ መታመን ከምን ይመጣል ብለው እንዳሰቡ እናነባለን። የአገራችን የባንክ ሕንፃ ታሪክ ለዚህ ጥያቄ ሦስት የተለያዩ መልሶች ሰጥቷል፦ ግንብ፣ አዳራሽና ማማ። ሦስቱን በቅደም ተከተል ካየን በኋላ፣ ይህ ለጎንደርና ለአራዳ ምን እንደሚነግረን እጠይቃለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ እ.ኤ.አ. ካላልሁ በቀር፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

የመጀመሪያው መልስ፦ ግንብ

ባንክ ከመምጣቱ በፊት በአገራችን ገበያዎች፣ የእኛው አራዳ ጭምር፣ ሲሸጥና ሲለወጥ የኖረው በአሞሌ ጨውና በጠገራ ብር ነበር። ጠገራ ብር የምንለው የማርያ ትሬዛ ምስል ያለበት የብር ሳንቲም አንዱ 28 ግራም ያህል ይመዝናል። አንድ ሺህ ጠገራ ብር ያለው ነጋዴ 28 ኪሎ ብረት መሸከም፣ መቁጠር፣ መደበቅና ከሽፍታ መጠበቅ ነበረበት። ሀብት ክብደት ያለው ነገር ነበር፤ ክብደት ያለውን ነገር ደግሞ የሚጠብቀው ወፍራም ግድግዳ፣ ጠንካራ በርና ታማኝ ዘበኛ ነው።

የመጀመሪያው የአገሪቱ ባንክ፣ የአቢሲንያ ባንክ፣ የተወለደው በዚህ ዓለም ውስጥ ነው። ዐፄ ምኒልክ ከግብፅ ብሔራዊ ባንክ ጋር በ1897 ዓ.ም ውል ተፈራረሙ፤ ባንኩም በ1898 ዓ.ም ሥራ ጀመረ። ውሉ ለ50 ዓመት የሚቆይ ብቸኛ የባንክ ሥራ መብት የሚሰጥ ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ባንኩ በአዲስ አበባ አራዳ የራሱን ሕንፃ ሠራ። የአዲስ አበባ አራዳም እንደ ጎንደሩ ከገበያ ጋር የተሳሰረ ሰፈር ነበርና፣ ባንኩ ወደ ነጋዴው መሄዱን ልብ በሉ። ነጋዴው ግን ወዲያው አላመነም፤ ከወረቀት ይልቅ ድምፁን የሚሰማውን፣ በጥርሱ የሚፈትነውን ብር መረጠ።

በዚህ ዘመን የባንክ ሕንፃ ዋና ሥራ መዝጋት ነው። ገንዘቡ በእርግጥ እዚያው ውስጥ ነው፤ ሕንፃውም በእርግጥ ይጠብቀዋል። የግድግዳው ውፍረትና የመታመን ምክንያት አንድ ነበሩ። ይህ አንድነት በኋላ እንዴት እንደተለያየ ማየት የንግግሬ ዋና ነገር ነው።

በ1923 ዓ.ም የአቢሲንያ ባንክ በኢትዮጵያ ባንክ ተተካ፤ ጣሊያን አገሪቱን በወረረ ጊዜም የጣሊያን ባንኮች በዋና ዋና ከተሞች ተከፈቱ። ጎንደር በዚያን ጊዜ ጌራርዶ ቦዚዮ በተባለው አርክቴክት ፕላን ወጥቶላት፣ ዛሬ ፒያሳ የምንለው የአስተዳደርና የንግድ ማዕከል ተሠራላት። ከነጻነት በኋላ የኢትዮጵያ መንግሥት ባንክ ተቋቁሞ በ1935 ዓ.ም ሥራ ጀመረ። ይህ ባንክ በአንድ ጊዜ ብር የሚያሳትም ማዕከላዊ ባንክም፣ ከሕዝብ ጋር የሚሠራ ንግድ ባንክም ነበር። በ1955 ዓ.ም በወጣው አዋጅ ሥራው ለሁለት ተከፍሎ ብሔራዊ ባንክና ንግድ ባንክ ተለያዩ።

ሁለተኛው መልስ፦ አዳራሽ

አዲሱ ንግድ ባንክ የሕዝብ ፊት ያለው ባንክ መሆን ነበረበት። ለዚህ የተሠራለት ቤት ዛሬም ከብሔራዊ ቴአትር ብዙም ሳይርቅ የሚታየው ክብ ሕንፃ ነው። ንድፉን ያወጣው ፈረንሳዊው አርክቴክት ሄንሪ ሾሜት ነው፤ ሾሜት ብሔራዊ ቴአትር ዛሬ የያዘውን መልክ እንዲይዝ ያደረገና በአፍሪካ ልዩ ልዩ አገሮች ብዙ የሠራ ሰው ነበር። ክቡ ሕንፃ በ1950ዎቹ ተገነባ። ያ ዘመን አርቱሮ ሜዜዲሚ የአፍሪካ አዳራሽንና የማዘጋጃ ቤቱን ሕንፃ የሠራበት፣ አዲስ አበባም የአህጉሪቱ መዲና ሆና ለመታየት የተዘጋጀችበት ዘመን ነው።

የክቡ ሕንፃ ቁልፍ ሐሳብ በመካከሉ ያለው በጉልላት የተሸፈነ የደንበኞች አዳራሽ ነው። በአዳራሽ ውስጥ የገንዘብ ከፋዩ መስኮቶች በዙሪያ ሲደረደሩ፣ ደንበኛው መካከል ላይ ቆሞ ሁሉንም ያያል፤ እሱም ይታያል። ክብ ቅርፅ ፊትና ኋላ የለውም፤ ማንም ከየትም ቢመጣ በክብር የሚቀበል ይመስላል። ለጎንደር ሰው ይህ እንግዳ ስሜት አይደለም። ክብ ቤተ ክርስቲያኖቻችንም ሰውን በዙሪያ አሰባስበው ዋናውን ነገር መካከል ላይ ያኖራሉ። ሾሜት ይህን አስቦ ነው ልል አልችልም፤ ሕንፃውን የሚያየው ሰው ግን ይህን ትዝታ ይዞ መግባቱ አይቀርም።

የሁለተኛው መልስ ትርጉም እንግዲህ ይህ ነው፦ መታመን የሚመጣው ከመዘጋት ሳይሆን ከመታየት ነው። ካዝናው አሁንም አለ፤ ነገር ግን ሕንፃው ራሱን የሚያስተዋውቀው በካዝናው ሳይሆን ሰው በሚሰበሰብበት ብርሃናማ አዳራሽ ነው። ገበሬውም፣ ነጋዴውም፣ ደመወዝተኛውም በአንድ ጣሪያ ሥር ወረፋ ይይዛሉ። በዚህ ቤት ውስጥ ባንኩ የደርግን የ1967 ዓ.ም ውርስ፣ ከአዲስ ባንክ ጋር መዋሃድን፣ ከ1986 ዓ.ም በኋላም የግል ባንኮች መምጣትን አሳልፏል።

ሦስተኛው መልስ፦ ማማ

የግል ባንኮች መፈቀድ የባንክን ሕንፃ ትርጉም ለወጠው። ደንበኛ መምረጥ ሲጀምር ባንክም ከሩቅ መለየት ፈለገ። ንብ፣ ኅብረት፣ ዘመንና ሌሎችም በሰንጋ ተራና በአካባቢው ተቀራርበው ከፍ ያሉ ዋና መሥሪያ ቤቶችን ሠሩ፤ ንግድ ባንክ ደግሞ ከሁሉም በላይ ወጣ። የማማው ንድፍ የጀርመኑ ሄን የተባለው የአርክቴክቶች ድርጅት ሥራ ነው። ግንባታውን በ2007 ዓ.ም የጀመረውና የጨረሰው የቻይና መንግሥት የኮንስትራክሽን ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን ሲሆን፣ በ2004 ዓ.ም የተመረቀውን የአፍሪካ ኅብረት ሕንፃ የሠራው ይኸው ኩባንያ ነው። ወጪው በምረቃው ወቅት 303.5 ሚሊዮን ዶላር መሆኑ ተገልጿል።

ሥራው አንድ ማማ ብቻ አይደለም። በእግሩ ሥር የስብሰባ ማዕከልና የንግድ ማዕከል አሉ፤ ከመሬት በታችም መኪና ማቆሚያ የያዙ ወለሎች ተሠርተዋል። የማማው ገጽ ጠፍጣፋ አይደለም፤ በሰያፍ በታጠፉ ገጾች ተከፋፍሎ እንደ ተጠረበ አልማዝ ብርሃኑን በየማዕዘኑ በተለያየ መንገድ ይመልሳል።

አሁን ወደ አሠራሩ ልግባ። የምላችሁ ነገር ለዚህ ማማ ብቻ ሳይሆን ለእንደዚህ ያሉ ሕንፃዎች ሁሉ የሚሠራ ነው።

አንደኛው ጥያቄ ነፋስ ነው። ብዙ ሰው የረጅም ሕንፃ ጭንቀት የራሱ ክብደት ይመስለዋል። ክብደት ወደ ታች ይጫናል፤ ይህን ምሰሶና መሠረት ይሸከሙታል። ነፋስ ግን በጎን ይገፋል። ስፋቱ ሳይለወጥ የሕንፃ ቁመት በእጥፍ ቢያድግ፣ ያው ነፋስ ከሥሩ ሊገለብጠው የሚሞክርበት ጉልበት አራት እጥፍ ይሆናል። ከ32 ሜትር ወደ 209 ሜትር ስንሄድ ይህ ጉልበት ከ40 ጊዜ በላይ ያድጋል። ስለዚህ በማማዎች መካከል የአሳንሰሩን መውጫ፣ ደረጃውንና ቧንቧውን የሚይዝ ወፍራም የአርማታ እምብርት ይሠራል፤ እምብርቱ እንደ ዛፍ ግንድ ሕንፃውን ያጸናል። የደጋ ከተማ መሆን እዚህ ላይ ጥቂት ይረዳል፤ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር ያህል ከፍ ስለምትል አየሯ ስስ ነው፤ በእኩል ፍጥነት የሚነፍስ ነፋስም በባሕር ዳርቻ ከሚያሳድረው ግፊት በአንድ አምስተኛ ያህል ያነሰ ግፊት ያሳድራል።

ሁለተኛው ጥያቄ የመሬት መንቀጥቀጥ ነው። በ2017 ዓ.ም በፈንታሌና በዶፈን አካባቢ የተከሰተው ተከታታይ መንቀጥቀጥ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ በአዲስ አበባ ፎቆች ላይ በግልጽ ተሰምቷል። ለምን በፎቅ ላይ? ማንኛውም ሕንፃ እንደ ዥዋዥዌ የራሱ የመወዛወዝ ምት አለው። ባለ ሁለት ፎቅ የድንጋይ ቤት በሴኮንድ ብዙ ጊዜ ይንቀጠቀጣል፤ የ200 ሜትር ማማ ግን አንድ ጊዜ ሄዶ ለመመለስ አራትና አምስት ሴኮንድ ሊወስድ ይችላል። ከሩቅ በሚመጣ መንቀጥቀጥ ፈጣኑ ሞገድ በመንገድ ላይ ይደክማል፤ ዝግተኛው ግን ይደርሳል፤ ከረጃጅም ሕንፃዎች ምት ጋርም ይገጥማል። በተቃራኒው ከቅርብ የሚመጣ ፈጣን ንቅናቄ አጫጭርና ግትር የድንጋይ ቤቶችን ይበልጥ ይጎዳል። ስለዚህ «ረጅም ሕንፃ አደገኛ ነው፤ አጭር ሕንፃ ደኅና ነው» የሚለው አነጋገር ግማሽ እውነት ብቻ ነው። ዋናው ጥያቄ ንድፉም ሆነ ግንባታው የመሬት መንቀጥቀጥን ደንብ ተከትሏል ወይ የሚለው ነው፤ ይህ ደግሞ ለአራት ፎቅ ሕንፃም የሚሠራ ጥያቄ ነው።

ሦስተኛው ጥያቄ ፀሐይ ነው። የማማ ገጽ ክብደት ከማይሸከም መስታወት ይሠራል፤ ከወለሎቹ ጠርዝ ላይ እንደ መጋረጃ ይንጠለጠላል። በእኛ ኬክሮስ የቀትር ፀሐይ ከራስ በላይ ናት ማለት ይቻላል። በአዲስ አበባ በሰኔ ከአናት 14 ዲግሪ ያህል ወደ ሰሜን፣ በታኅሣሥ 32 ዲግሪ ያህል ወደ ደቡብ ታዘነብላለች። ከፍ ያለችን ፀሐይ ትንሽ ጥላ ይከለክላታል። የሚያስቸግሩት የምሥራቅና የምዕራብ ገጾች ናቸው፤ ጠዋትና ማታ ፀሐይ ዝቅ ብላ በቀጥታ ትገባለችና። የደጋ አየራችን ቀዝቀዝ ያለ ነው፤ መስኮት ከፍቶ መኖር ይቻላል። የታሸገ የመስታወት ግድግዳ ግን ይህን የተፈጥሮ ስጦታ ትቶ ማቀዝቀዣና ማናፈሻን ይጠይቃል። መስታወቱን ከሌላ አየር ጠባይ የወረስነው በመሆኑ፣ ይህ ለተማሪዎቻችን እውነተኛ የምርምር ጥያቄ ነው።

አራተኛው ጥያቄ ውኃና ሰው ነው። ውኃ በየ10 ሜትሩ አንድ የአየር ግፊት ያህል ይጨምራል። ከ209 ሜትር የሚወርድ ቧንቧ ከሥሩ ከ20 የሚበልጥ የአየር ግፊት ይኖረዋል፤ የቤት ቧንቧ ይህን አይችልም። ስለዚህ በመካከል ወለሎች ማጠራቀሚያና ፓምፕ እየተደረገ ውኃው በደረጃ ይወጣል። አሳንሰርም እንዲሁ ነው፤ ሁሉም አሳንሰር ሁሉም ወለል ላይ ቢቆም ሰው ግማሽ ቀኑን በመጠበቅ ይጨርሳል። አንዳንዱ ታችኛውን፣ ሌላው ላይኛውን ክፍል ብቻ እንዲያገለግል ይከፈላል። ሕንፃው በረዘመ መጠን ለአሳንሰር የሚሄደው ቦታ እየሰፋ፣ ለሥራ የሚተርፈው እየጠበበ ይሄዳል። የከፍታ ዋጋ የሚከፈለው በየወለሉ ነው።

መታመን ወዴት ሄደ?

የማማውን አሠራር ካየን በኋላ ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለስ። በግንቡ ዘመን ገንዘቡ ከግድግዳው በስተጀርባ ነበር። በአዳራሹ ዘመን ደንበኛው ወደ ቤቱ ይመጣ ነበር። በማማው ዘመን ግን ገንዘቡ በኮምፒዩተር መዝገብ ላይ ያለ ቁጥር ነው፤ ከደባርቅ ወይም ከዳባት የሚልክ ሰውም የእጅ ስልኩን ብቻ ይነካል፤ ማማውን ላያየው ይችላል። እንግዲህ አንድ የሚያስገርም ነገር እናያለን፦ ገንዘብ ክብደቱ እየቀነሰ፣ ሰውም ወደ ባንኩ መምጣቱ እየቀረ ሲሄድ፣ ሕንፃው እያደገ ሄደ። ጠገራ ብርን አጭር ግንብ ያዘው፤ ክብደት የሌለው ቁጥር 209 ሜትር ማማ አስፈለገው።

ምክንያቱ ይህ ይመስለኛል፦ የማይታይ ነገር የሚታይ ምስክር ይፈልጋል። የኮምፒዩተር መዝገብ ፎቶግራፍ አያምርም፤ ማማ ግን ያምራል። ነገር ግን ምስክሩ ራሱ ጥበቃው አይደለም። ማማው በተመረቀ በሁለተኛው ዓመት፣ መጋቢት 7 ቀን 2016 ዓ.ም ሌሊት፣ በባንኩ ሥርዓት ላይ በተፈጠረ ችግር ደንበኞች በሒሳባቸው ከነበረው በላይ ማውጣትና ማስተላለፍ ቻሉ። ባንኩ ያለ አግባብ ወጥቷል ያለው ገንዘብ 801 ሚሊዮን ብር ያህል ነበር፤ ካወጡት መካከልም ብዙዎቹ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች እንደነበሩ በሰፊው ተዘግቧል። በዚያች ሌሊት ከማማው አንድ መስታወት አልተሰበረም፤ አንድ በርም አልተገነጠለም። የተከፈተው በር በሕንፃው ፕላን ላይ የሌለ በር ነበር።

ይህን የማነሣው ባንኩን ለመውቀስ አይደለም፤ ገንዘቡ የኋላ ኋላ በአብዛኛው መመለሱም ተገልጿል። የማነሣው ለአርክቴክቱም፣ ለመሐንዲሱም፣ ለሒሳብ አዋቂውም ትምህርት ስላለው ነው። የመታመን ምንጭ ከግድግዳ ወደ ሥርዓት ተሻግሯል፤ ሕንፃው ግን አሁንም በግድግዳ ቋንቋ ይናገራል።

ከማማው በኋላ ምን ይቀራል?

አንድን ታላቅ ሕንፃ በምን እንመዝነው? እዚህ ላይ ጎንደር የሚያስተምረን ነገር አለ። የዐፄ ፋሲል ግንብ በተሠራ ጊዜ የአሠራሩ ብዙ ነገር አዲስ ነበር፤ የሕንድ፣ የዐረብና የአውሮፓ አሻራ እንዳለበት አጥኚዎች ይናገራሉ። ድንጋዩ ግን የአካባቢው ነው፤ ኖራውም እዚሁ ተቃጠለ። ከሁሉ የሚበልጠው ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። የቀዳማዊ ዮሐንስ ቤተ መጻሕፍት፣ የቀዳማዊ ኢያሱ ግንብ፣ የዳዊት የዘፈን ቤት፣ የበካፋ ቤተ መንግሥት፣ የእቴጌ ምንትዋብ ግንብና ቁስቋም ተከተሉ። ከመቶ ዓመት በላይ ግንበኛው ግንበኛን አሠለጠነ። በ1972 ዓ.ም በዓለም ቅርስነት የተመዘገበውና 900 ሜትር ያህል ርዝመት ባለው አጥር የታጠረው ግቢ የአንድ ንጉሥ ሥራ ሳይሆን የአንድ ሙያ የዘር ሐረግ ነው።

ይህ መመዘኛ ለማማውም ይሠራል። ንድፉ ከጀርመን፣ ተቋራጩ ከቻይና፣ አሳንሰሩ በውጭ ምንዛሪ የተገዛ መሆኑ በራሱ ነውር አይደለም፤ ፋሲልም የውጭ እጅ አልናቀም። ጥያቄው ቀጥሎ ይመጣል፦ ካሳፎርማ የገጠመው፣ ፌሮ ያሰረው፣ አርማታ ከ40 ወለል በላይ ሲገፋ ያየው፣ የንፋሱን ስሌት አብሮ የተከታተለው ኢትዮጵያዊ ባለሙያ ዕውቀቱን ለማን አስተላለፈ? በየትኛው ክፍል ውስጥ ይነገራል? ስሌቱና የሥራ ሥዕሉ በዩኒቨርሲቲዎቻችን ቤተ መጻሕፍት ከሌለ፣ ማማው ለእኛ የተገዛ ዕቃ ሆኖ ይቀራል፤ ካለ ደግሞ ትምህርት ቤት ይሆናል።

ማማው በአንድ ነገር ሊመሰገን ይገባዋል፤ ክቡ ሕንፃ አልፈረሰም። አዲሱ ከአሮጌው አጠገብ ቆመ። ዛሬ ከብሔራዊ ቴአትር በኩል የሚመለከት ተማሪ ሁለቱን መልሶች፣ አዳራሹንና ማማውን፣ በአንድ እይታ ሊያነብ ይችላል። አሮጌውን አፍርሶ በቦታው አዲስ መትከል በለመደ ከተማ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ወደ አራዳ

በመጨረሻ ወደ ቤታችን ልመለስ። በአራዳና በፒያሳ የባንክ ቅርንጫፎች በየሕንፃው ምድር ቤት ተከፍተዋል፤ ባንኮችና ባለሀብቶችም ከፍ ያለ ሕንፃ የመሥራት ፍላጎት አላቸው። ይህ ፍላጎት ትክክለኛ ነው፤ ከተማ የቆመ ሙዚየም አይደለም። ነገር ግን በጎንደር ከፍታ ከአዲስ አበባ የተለየ ዋጋ አለው። እዚህ ሰማዩን አስቀድመው የያዙት የግንቦቹ ጉልላቶችና የአብያተ ክርስቲያናቱ ዛፎች ናቸው። ከፋሲል ግቢ አጠገብ የሚቆም ስምንት ፎቅ፣ በአዲስ አበባ ከሚቆም ሃምሳ ፎቅ ይልቅ ብዙ ነገር ሊጋርድ ይችላል። ግቢውን ለማደስ ይህን ያህል ከተደከመ በኋላ፣ እይታውን በግዴለሽነት ማጣት አይገባንም።

ስለዚህ በአራዳ ለሚሠራ የባንክ ሕንፃ ንድፍ ለምታወጡ ተማሪዎች ሦስት ጥያቄዎች ትቼላችሁ እሄዳለሁ። ሕንፃው ከመሬቱ ላይ ለሚያልፈው ሰው ምን ይሰጣል፤ ጥላ፣ መቀመጫ፣ አዳራሽ? የአካባቢውን ድንጋይ፣ ፀሐይና አየር ያውቃል? ከተሠራ በኋላስ ቀጣዩን ሕንፃ የሚሠራ እጅ እዚህ ይተዋል? እነዚህን የሚመልስ የሦስት ፎቅ ቅርንጫፍ፣ በኢትዮጵያ የባንክ ሕንፃ ታሪክ ውስጥ አራተኛው መልስ ሊሆን ይችላል።